ከጓደኛችን የቀሩንን ዕቃዎች እንዴት እንጠብቅ? ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አራት ኪሎ አካባቢ አብረን ያደግን ጓደኛሞች ነን። አንዷ ጓደኛችን ባለፈው ኅዳር አረፈች። ከአርባዋ በኋላ እናቷ አንድ ካርቶን ሰጡን። በውስጡ ፎቶግራፎች፣ ግጥም የጻፈችባቸው ሁለት ደብተሮች፣ ከሰው የደረሷት ደብዳቤዎች፣ አንድ የታሸገ ፖስታ፣ ነጠላዋና ስልኳ አሉ። እኛም በ1980ዎቹ መጨረሻ ኢሉባቦር ስታስተምር ድምፅዋን ቀርጻ የላከችልንን ካሴቶች ጨመርንበት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አላት፤ ከአያቱ ጋር ነው የሚኖረው። ካርቶኑን በየወሩ እየተቀባበልን እናስቀምጣለን፤ አሁን ግን ክረምቱ ከገባ ወዲህ ደብተሮቹ ሻጋታ ሻጋታ መሽተት ጀምረዋል። ብንከፋፈለው ይሻላል? ፎቶዎቹን ላሚኔት እናስደርጋቸው? ግጥሞቹን ማሳተምስ እንችላለን?»

እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ የጓደኛችሁንም ነፍስ ይማር።

ስለ አያያዙ ከመነጋገራችን በፊት ካርቶኑ የማን እንደሆነ መለየት አለበት፤ የቀሩት መልሶች በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚያ ነውና። ጓደኛችሁ ኑዛዜ ካልተወች፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ወራሿ ልጇ ነው፤ ወላጆች የሚወርሱት ሟች ተወላጅ ሳይኖረው ሲቀር ነው። ስለዚህ እናቷ ካርቶኑን በሙሉ ልብ ቢሰጧችሁም፣ እናንተ ዕቃውን የተረከባችሁት ለልጁ በአደራ ነው ብዬ አምናለሁ። ለእናንተ የተላኩት ካሴቶች የራሳችሁ ናቸው፤ የቀረው ግን ዛሬ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሆነው፣ ነገ ጎልማሳ ሆኖ «እናቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ንብረት ነው። በመሆኑም መከፋፈሉን አልመክርም። ፎቶው አንዷ ቤት፣ ደብተሩ ሌላዋ ቤት ከሆነ፣ አንዷ ቤት ስትቀይር ወይም አገር ስትለቅ አንዱ ክፍል ተቆርጦ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲነሣ፣ ስንት ቤተሰብ በጥድፊያ ዕቃውን ጭኖ እንደወጣ የአራት ኪሎ ሰው በቅርብ አይቷል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው ደግሞ ወረቀት ነው። በየወሩ መቀባበሉም ቢቀር ይሻላል። ፍቅራችሁን በእኩል ለመካፈል ያደረጋችሁት መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ካርቶኑ በታክሲ በተጓጓዘ ቁጥር ይታሻል፣ የቤት ለውጡም እርጥበቱን ያመላልስበታል። ከመካከላችሁ ቤቷ ደረቅ የሆነው አንዷ ትያዘው፤ ዝርዝሩ በጽሑፍ ይውጣ፤ የዝርዝሩ ቅጂ ለእያንዳንዳችሁና ለእናቷ ይድረስ።

በቅደም ተከተል ካየነው በመጀመሪያ መዳን ያለባቸው ካሴቶቹ ናቸው። ወረቀት ባግባቡ ከተያዘ ከእኛ ዕድሜ ይሻገራል፤ ካሴት ግን እንደዚያ አይደለም። ክሩ ስስ ፕላስቲክ ሆኖ ላዩ ላይ የብረት ኦክሳይድ ብናኝ በማጣበቂያ ተለጥፎበታል፤ ድምፁን የያዘው ያ ብናኝ ነው። ማጣበቂያው ለዓመታት እርጥበት ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ በመጨረሻም ክሩ በማጫወቻው ውስጥ እየተጣበቀ ብናኙን ይተዋል። በዚያ ላይ በካሴቱ አፍ በኩል ክሩን ወደ ማጫወቻው ራስ (ድምፁን ወደሚያነበው ክፍል) የምትገፋው ትንሿ የጨርቅ ትራስ ሙጫዋ ደርቆ ትወድቃለች፤ ያኔ ድምፁ ይርቃል፣ ይቆራረጣል፣ ሰውም «ካሴቱ ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። የተበላሸው ግን ትራሷ ብቻ ነው፤ ጥንቁቅ ባለሙያ ክሩን ከነጥቅልሉ ወደ ሌላ ጤነኛ የካሴት ቀፎ ሊያዛውረው ይችላል።

ስለዚህ ናፍቆቱ ቢበረታም ካሴቶቹን በተገኘው ቴፕ አታጫውቷቸው። መጀመሪያ በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ስበሩ፤ ይህ በስሕተት ሌላ ድምፅ እንዳይቀረጽበት ይከላከላል። ክሩ ላልቶ ከሆነ፣ ሁላችንም ድሮ እንደምናደርገው ቢክ እስክሪብቶ ጥርሱ ውስጥ አስገብታችሁ በቀስታ አጥብቁት። ከዚያ ድምፅ የሚያነበው ራሱ የጸዳ፣ ክር የማይበላ ማጫወቻ ያለው ሰው ፈልጉ፤ ከማጫወቻው የድምፅ መውጫ በገመድ ወደ ኮምፒዩተር ይግባ። ስልክን ድምፅ ማጉያ ፊት ደቅኖ መቅዳት የሚሻለው ምንም ካለማድረግ ብቻ ነው። ቅጂው ድምፁን በማይጨምቀው በዋቭ (WAV) ፋይል፣ በ48 ኪሎ ኸርትዝና በ24 ቢት ይሁን፤ ካሴቱም ሁለቱም ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይቀዳ። ባለሙያው «ጩኸቱን ላጥራላችሁ» ቢል በሌላ ቅጂ ላይ ያጥራ፤ የመጀመሪያው ቅጂ እንዳለ ይቀመጥ። መጥራት ያለበት የሚመስለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ውድ ነው፦ የኢሉባቦር ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ከጓሮ ሰው ሲጣራ፣ እሷም «ቆይ፣ መጣሁ» ብላ ወጥታ እስክትመለስ ክሩ ባዶውን ሲዞር። ልጇ ከንግግሯ ይልቅ በዚያች «መጣሁ» ውስጥ እናቱን ያገኝ ይሆናል።

ፎቶግራፎቹን በሚመለከት፣ ላሚኔት አታስደርጓቸው። በእኛ ከተማ የልደት ካርዱም ዲፕሎማውም ላሚኔት ስለሚደረግ ጥበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራው በሙቀትና በሙጫ ነው የሚከናወነው፣ አንዴ ከተጣበቀም ሳይቀደድ አይላቀቅም። ሥዕሉ ያረፈበት የጄላቲን ሽፋን ሙቀትና እርጥበት የሚያለሰልሰው ነገር ነው። በክረምት ፎቶ ከፍሬሙ መስታወት ጋር የሚጣበቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። የተጣበቀ ካለ አትሳቡት፤ ከመስታወቱ ጋር እንዳለ ስካን ይደረግ፤ መለየቱ ለባለሙያ ይቆይ። አልበሙ ያ ገጹ ሙጫ የተቀባና ላዩ በፕላስቲክ የሚሸፈነው ዓይነት ከሆነ ደግሞ አንድ ጥግ ብቻ ሞክሩ፤ እንቢ ካለ ቀጭን ክር በፎቶውና በገጹ መካከል አስገብታችሁ እንደ መጋዝ በቀስታ ወዲያ ወዲህ አድርጉ፤ አሁንም እንቢ ካለ ገጹን በፎቶው ዙሪያ ቆርጣችሁ አውጡት።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ባግባቡ ከተያዘ ረጅም ዕድሜ አለው። የቀለም ፎቶ ግን ጨለማ ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ቀለሙ ቀስ በቀስ ይሄዳል፤ ቀይ ቀይ ወይም ቢጫ ቢጫ የሆኑ የድሮ የሰርግ ፎቶዎችን ያላየ የለም። ስለዚህ ቅድሚያው ለባለ ቀለሞቹ ይሰጥ። ስካኑ ቢያንስ በኢንች 600 ነጥብ፣ ዝርዝሩን በማያጠፋው በቲፍ (TIFF) ፋይል ይሁን፤ ለመታወቂያ የተነሣቻቸው ትንንሾቹ ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። የእያንዳንዱ ጀርባም ስካን ይደረግ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና በእጇ የጻፈችው መስመር የሚገኘው ከጀርባ ነው። እርስ በርስ ስትላላኩም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ዝርዝሩ ይጠፋል። ብዙ ቤተሰብ «ቅጂው አለን» የሚለው ይህን የተጨመቀውን ነው።

አሁን ወደ ሻጋታው እንምጣ። ሻጋታ የሚያድገው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ነው፤ የአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ሁለቱን ደብተሮች ዛሬውኑ ከሌላው ዕቃ ለዩ። ገጾቹን በመጠኑ ከፍታችሁ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ቦታ አቁሟቸው። ፀሐይ እንዳታስመቷቸው አደራ እላለሁ። ክረምት ሲወጣ ልብሱንም መጽሐፉንም ፀሐይ ላይ ማስጣት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የፀሐዩ አልትራ ቫዮሌት ጨረር ኃይለኛ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለምን ያደበዝዛል፣ ወረቀቱንም ያደርቀዋል። ሻጋታው ርጥብ ሳለ አትንኩት፤ ቢጠርጉት ይለጠፋል። ደርቆ ዱቄት ሲሆን፣ ደጅ ላይ አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍናችሁ በአዲስና ለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር ጥረጉት። በረኪና፣ አልኮል፣ እርጥብ ጨርቅ ወደ ደብተሩ አይቅረቡ። የሻጋታው እድፍ ገጹ ላይ ቢቀር ይቅር፤ ጽሑፉ እስከተነበበ ድረስ እድፉን መታገል ከሻጋታው የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

አግራፍ፣ ላስቲክና የስቴፕለር ሽቦ ከደብዳቤዎቹ ይውጡ፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ላስቲኩም ቀልጦ ይለጠፋል። የተቀደደውን በስኮች አትጠግኑት፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። ፌስታል ውስጥ ማስገባትም ይቅር፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። ጋዜጣም መጠቅለያ አይሆንም፤ አሲድ አለበትና የሚነካውን ወረቀት አብሮ ያጠቁራል። በቀላሉ የሚገኝና የማይጎዳ መጠቅለያ አቡጀዴ ነው፤ ስታርቹ እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ያለ ቀለምና ያለ ሽቶ። በአቡጀዴ የተጠቀለለው ዕቃ ክዳን ባለው ንጹሕ ሣጥን ይግባ፤ ሣጥኑም ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ፣ ከውጭው ግድግዳ ርቆ፣ ከወጥ ቤትና ከዕጣን ጭስ ተለይቶ ይቀመጥ። ቁም ሣጥን አናት ላይ መስቀል ለምዶብናል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ግን መጀመሪያ የሚርሰው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ሣጥኑን በክረምት አትዝጉት። በነሐሴ የተዘጋ ሣጥን የነሐሴን እርጥበት ይዞ ይከርማል። እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ዕቃው አየር እያገኘ ይቆይ፤ የመጨረሻው አስተሻሸግ አየሩ በሚደርቅበት በኅዳርና በጥር መካከል ይሁን። ከጫማ ካርቶን የምናገኛቸው የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ቢጨመሩ አይጎዱም፤ ነገር ግን ቶሎ ይሞላሉና ብቻቸውን አትመኑባቸው።

ነጠላዋ ከጥጥ የተሠራ ስለሆነ ብል ያን ያህል አያሰጋውም፤ ብል በዋናነት የሚበላው ሱፍና ሐር ነው። የጥጥ ጠላት ላብ፣ እርጥበትና አይጥ ነው። በዚህም ምክንያት ናፍታሊን አያስፈልጋትም፤ ሽታው ለሰውም ጤና ጥሩ አይደለም፣ ከፎቶና ከፕላስቲክ ጋር አብሮ መዘጋትም የለበትም። ከአጠባበቅ አንጻር ልብስ ታጥቦ ነው የሚቀመጠው። ይሁን እንጂ እናቷ «ጠረኗ አለበት፣ አይታጠብ» ካሉ አትከራከሯቸው፤ ይህ በእናት ፈቃድ የሚወሰን ነገር ነው። ሳይታጠብ በአቡጀዴ ተጠቅልሎ፣ ከወረቀቱ ተለይቶ፣ በእናቷ ዘንድ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል። ሲታጠብም ጥበቡ ቀለም ይለቅ እንደሆነ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ነክታችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና በቀላል ሳሙና ሳይጨመቅ ታጥቦ፣ ጥላ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ። በየጊዜው እጥፉ ይቀየር፤ በአንድ መስመር ታጥፎ የኖረ ጨርቅ የሚቀደደው በዚያው መስመር ነው።

ስልኩ ጊዜ አይሰጥም። መክፈቻውን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ቁጥር አትሞካክሩ፤ ሙከራው ሲበዛ ስልኩ ሊዘጋ፣ አንዳንዱም የያዘውን ሊያጠፋ ይችላል። ሲም ካርዱንም ዝም ብላችሁ አትተዉት፤ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፣ የቴሌግራም አካውንት ደግሞ የተያያዘው ከቁጥሩ ጋር ነው። ለተወሰነ ጊዜ ያልተከፈተ የቴሌግራም አካውንት በራሱ ይሰረዛል፤ ጉግልም ሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንትን ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቋል። ከሁሉ የሚቀለው ግን በእጃችሁ ያለው ነው፦ ለእናንተ የላከቻቸው የድምፅ መልእክቶች በራሳችሁ ስልክ አሉ። በኮምፒዩተር በሚሠራው ቴሌግራም የውይይት ታሪክን ወደ ውጭ የማውጫ ምርጫ አለ፤ ጽሑፉንም ድምፁንም ፎቶውንም ከነቀኑ በአንድ ማኅደር ያወርድላችኋል። በዚህ ሳምንት አድርጉት።

የተቀዳው ሁሉ በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያዩ ቤቶች ይቀመጥ፤ ሦስተኛው ቅጂ በኢንተርኔት ማከማቻ ወይም ከከተማ ውጭ ባለ ወዳጅ ዘንድ ይሁን። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም። በየሙት ዓመቷ ስትሰባሰቡ ፋይሎቹ መከፈታቸውን አረጋግጡ።

በካርቶኑ ውስጥ የሌለ፣ ነገር ግን ከካሴቱም ቀድሞ የሚጠፋ አንድ ነገር አለ፤ እሱም እናንተ ብቻ የምታውቁት ነው። መስቀል አደባባይ ጥግ ያለውንና በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት ፊቶች የሰውን ልብ የሚይዙት ከሥራቸው ስም ስላለ ነው፤ አንድ ሰው ፎቶውን ደብቆ ብቻ አላቆየውም፣ የማን እንደሆነም ተናግሯል። በየቤቱ ግን ፎቶው ደኅና ሆኖ፣ የሚያውቀው ሰው አልፎ፣ «እነዚህ እነማን ናቸው?» የሚባልበት አልበም ሞልቷል።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ቡና አፍሉና ፎቶዎቹን በየተራ ጠረጴዛው ላይ እያወጣችሁ ተነጋገሩ፤ ንግግሩን በስልክ ቅረጹት። ከግራ ወደ ቀኝ ማን እንደቆመ፣ የት እንደሆነ፣ ፎቶውን ያነሣው ማን እንደነበር፣ ያን ቀን ምን ሆኖ እንደሳቀች ይነገር። አንዷ «ይህ የኛ ምረቃ ነው» ስትል ሌላዋ «የለም፣ የእኅቷ ሰርግ ነው» ካለች፣ አንዳችሁ አንዳችሁን አሸንፋችሁ አትለፉ፤ ሁለቱም ከነተናጋሪው ስም ይጻፍ። ለፎቶው ቁጥር ስጡት፤ ቁጥሩንና ስሙን በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ከጀርባ ጠርዙ ላይ ጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ይሰርጋል። ጀርባው ፕላስቲክነት ያለውና እርሳስ የማይዝ ከሆነ በተቀመጠበት ፖስታ ላይ ይጻፍ። የተጣላችሁበትን ጊዜና የተቸገረችበትን ዓመትም አትዝለሉ። ልጁ ሲያድግ በሐዘን ቤት የምትወደስ እናት ብቻ ብትሰጡት አያምናችሁም፤ የሚፈልገው የምታውቋትን ነው።

የታሸገው ፖስታ እንደታሸገ ይቆይ። ምን እንዳለበት አለማወቃችሁ ይከብዳል፤ ነገር ግን ያሸገችው እሷ ናት፣ መከፈትም ካለበት የሚከፍተው ልጁ ነው፤ ያም 18 ዓመት ሞልቶት ለአካለ መጠን ሲደርስ ነው። በዝርዝሩ ላይ «አንድ የታሸገ ፖስታ፣ ያልተከፈተ» ተብሎ ይመዝገብ፤ ሁላችሁም እናቷም ፈርሙበት። ሌሎች ሰዎች የጻፉላት ደብዳቤዎችም የጻፊዎቹ ምሥጢር አለባቸውና ይጠበቁ እንጂ በየሰዉ ስልክ አይዙሩ።

ግጥሞቹን ስለማሳተም፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኗና ከሞተች በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ መብቱ የሚተላለፈው ለወራሾቿ ነው። ደብተሩን መያዛችሁ ግጥሙን የማተም መብት አይሰጣችሁም። ልጁ ገና ልጅ ስለሆነ ፈቃዱን የሚሰጠው በሕግ የታወቀው ሞግዚቱ ነው፤ አያቱ ያሳድጉታል ማለት ሞግዚትነታቸው በፍርድ ቤት ጸድቋል ማለት ላይሆን ይችላልና ይህ መጀመሪያ ይጣራ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ገቢ ከተገኘ በልጁ ስም ይቀመጥ። ልጁንም ጠይቁት፤ በአሥራ አራት ዓመቱ የእናቱ ግጥም በማንም እጅ እንዲገባ ላይፈልግ ይችላል፤ ያን ጊዜ መጠበቅ ነው። ሥራው ከተጀመረ ለማተሚያ ቤት የሚሰጠው ስካኑ ብቻ ነው፤ ደብተሮቹ ከቤት አይወጡም። የሰረዘቻቸውን ስንኞች በእናንተ ምርጫ አትመልሱ፣ ፊደሏንም አታርሙ፤ በሁለቱ ደብተሮች መካከል ልዩነት ያለው ግጥም ካጋጠማችሁ ሁለቱም ይታተሙ።